ለጦር ሲሆን የሚገኘው ገንዘብ ለድሃ ሲሆን የት ይገባል?

ወንዝ ተሻጋሪ (ለንደን)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዓ.ም. ካልኩ ግን የእኛው ነው።

ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2025 የማታ ፈረቃዬን ከመጀመሬ በፊት ሾፌሮች በምናርፍበት ክፍል ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ቀን ላይ በፓርላማ የተናገሩትን ይደግማል። የመከላከያ ወጪ በ2027 ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 2.5 በመቶ ይደርሳል፤ ገንዘቡ የሚገኘውም ለውጭ እርዳታ ከሚሰጠው 0.5 በመቶ ላይ ተቀንሶ 0.3 እንዲሆን በማድረግ ነው። ይኸው ነው። ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ኪስ ገባ።

አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ የሴራሊዮን ሰው ነው። «በ2014 ኢቦላ ሲገባብን የሕክምና ማዕከሎቹ የተሠሩት በዚያ ገንዘብ ነበር» አለና ኩባያውን አንሥቶ ወጣ። እውነቱን ነው። ያኔ ብሪታንያ ከእርዳታ በጀቷ ከፍላ፣ የራሷን የጦር መሐንዲሶች ልካ፣ ሴራሊዮን ውስጥ ስድስት የኢቦላ ማዕከሎች አሠርታለች። ወታደሩና የእርዳታው ገንዘብ በአንድ ቦታ አብረው የሠሩበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዲወስድ ተፈረደ።

ቤቴ ገብቼ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ አነበብሁት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሀብታም አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶ ለድሃ አገሮች እንዲሰጡ የወሰነው በኦክቶበር 1970 ነው። ከየመቶ ፓውንዱ ሰባ ሳንቲም ማለት ነው። ብሪታንያ እዚያ ለመድረስ 43 ዓመት ፈጀባት። በ2013 ደረሰች፣ በ2015 በሕግ አጸናችው። በ2021 ኮሮና በጀታችንን ጎዳው ተብሎ «ለጊዜው» ወደ 0.5 ወረደ። አሁን ደግሞ 0.3 ሊሆን ነው። 43 ዓመት የተወጣው ዳገት በ14 ዓመት ተወርዶ ያልቃል። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊስ ዶድስ የመከላከያውን መጨመር ሳይቃወሙ፣ ገንዘቡ ከድሆች መወሰዱን ግን ተቃውመው በሦስተኛው ቀን ሥራቸውን ለቀቁ።

ዩክሬን የሚደርስባትን መከራ አልክድም። ሩሲያን መከላከል አያስፈልግም የምልም ሰው አይደለሁም። እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ለመከላከያ ገንዘብ ያስፈልጋል ሲባል «ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ይዞ መጣ። ለድሆች ገንዘብ ያስፈልጋል ሲባል ግን ጥያቄው ራሱ መልስ ይሆናል፤ «ከየት ይመጣል?» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ይህ ልዩነት ከምን መጣ? በእናንተ እጅ ቢሆን እንዴት ትከፍሉት ነበር?

---

ጡረተኛው አሥር አለቃ፦

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ሰባ ካለፈ ቆየ። የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እርሱ ይጽፋል።

በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ጥሶ ሲገባ ምሥራቅ ነበርኩ። ጅጅጋ ከአዲሱ ዓመት በኋላ ወዲያው ወደቀች። ሐረር ደጃፍ ድረስ መጡብን። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ለታንክ የሚወጣው ገንዘብ ለእህል ይዋል» ቢለኝ አልሰማውም ነበር። ዛሬም አልሰማውም። ደጅህ የተሰበረበት ሌሊት ዘበኛ ትቀጥራለህ እንጂ ጎተራ አትሠራም።

ይህን ካልኩ ሁለተኛውንም ልናገር፤ ግማሹን ብቻ ተናግሬ ብሞት ደስ አይለኝም። በኋላ ወደ ሰሜን ተዛውሬ ከባድ መኪና እነዳ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ይከበራል፤ እኔ ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ ጥይት ጭኜ እመላለሳለሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከወሎ ገጠር የወጣ ሕዝብ ተቀምጧል። ተቀምጧል ያልኩት መቆም ስላልቻለ ነው። መኪናዬን ሲያዩ ይነሡ ነበር። አንዲት ሴት ልጅዋን በሁለት እጅዋ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ እህል የጫንኩ መስሏት። የእህል መኪናም የጥይት መኪናም ሸራው አንድ ነው። እንዳልቆም ትእዛዝ ነበረኝ፤ አልቆምኩም።

ያ ጥይት ሐረር ደጃፍ ለመጣ ጠላት አልነበረም። የተተኮሰው በአገሬ ልጆች ላይ ነው፣ እነርሱም በእኛ ላይ ተኩሰዋል። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ ጦርነት ሁሉ አንድ አይደለም። ደጅ ሲሰበር የሚደረግ አለ፣ መሪዎች መርጠው የሚገቡበት አለ። ሂሳቡ ላይ ግን ሁለቱም «መከላከያ» በሚል በአንድ መስመር ይጻፋሉ።

---

ሂሳብ ያዥ (ቨርጂኒያ)፦

አሥር አለቃ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎ። የልጅ ልጅዎንም አመስግኑልን።

እኔ ሙያዬ ሂሳብ ስለሆነ ቁጥሩን ላስቀምጥ። በስቶክሆልም ያለው የሰላም ምርምር ተቋም፣ ሲፕሪ፣ በየዓመቱ በሚያወጣው ቆጠራ መሠረት በ2024 የዓለም መንግሥታት ለጦር ያወጡት 2,718 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከቀዳሚው ዓመት የ9.4 በመቶ እውነተኛ ጭማሪ አለው፤ ከቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ወዲህ እንዲህ ያለ የአንድ ዓመት ጭማሪ አልታየም። የአሜሪካ ድርሻ ብቻ 997 ቢሊዮን ነው። በዚያው ዓመት ሀብታሞቹ አገሮች በይፋ የሰጡት የልማት እርዳታ በሙሉ 212 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ከቀዳሚው ዓመት በ7.1 በመቶ ቀንሷል።

አካፍዬ አየሁት። ዓለም ለጦር በቀን ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። የዓመቱ እርዳታ በሙሉ ቢሰበሰብ የጦሩን ወጪ ለ29 ቀን እንኳ አይሸፍንም። አንድ ወር አይሞላም።

ወንዝ ተሻጋሪ «ልዩነቱ ከምን መጣ?» ብለሃል። አንዱ ምክንያት የሂሳብ አያያዝ ነው። በዚህ አገር የኢራቅና የአፍጋኒስታን ጦርነቶች ለብዙ ዓመታት የተከፈሉት «አስቸኳይ ተጨማሪ በጀት» እየተባለ ከመደበኛው በጀት ውጪ፣ አብዛኛውም በብድር ነበር። ግብር አልተጨመረም። ማንም ከሌላ መሥሪያ ቤት ቀንሱ አላለም። የብራውን ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ከ2001 ወዲህ የተደረጉትን ጦርነቶች ዋጋ፣ የብድሩን ወለድና ለቁስለኞች ወደፊት የሚከፈለውን ጨምረው፣ 8 ትሪሊዮን ዶላር ብለው ገምተውታል። እርዳታ ግን ሁልጊዜ የሚቆረሰው ከተወሰነ ሳህን ነው።

ጀርመንም እንዲሁ አደረገች። በሕገ መንግሥቷ መንግሥት ከጥቂት በላይ እንዳይበደር የሚያግድ ጥብቅ አንቀጽ አለ፤ በማርች 2025 ከጠቅላላ ምርቷ 1 በመቶ በላይ የሚሆነው የመከላከያ ወጪ ከእገዳው ውጪ እንዲሆን አንቀጹን አሻሻለች። የልማት ሚኒስቴሩ በጀት በዚያው ሰሞን እየተቀነሰ ነበር። ለታንክ መበደር ይፈቀዳል፣ ለክትባት አይፈቀድም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕዝቡ ቁጥሩን አለማወቁ ነው። አሜሪካውያን የውጭ እርዳታ ከፌዴራል በጀቱ ስንት ይሆናል ተብለው ሲጠየቁ በአማካይ ሩብ ያህል ነው ይላሉ። እውነተኛው 1 በመቶ አካባቢ ነው። የሥራ ባልደረቦቼን እኔው ራሴ ጠይቄአለሁ፤ ሂሳብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ከ10 በመቶ በታች የገመተ አላገኘሁም።

---

ጥያቄ አለኝ፦

ሁላችሁም የምትናገሩት እርዳታው ለድሃው ይደርሳል ብላችሁ ነው። ይደርሳል?

በ2023 አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ያቆሙት እህሉ በስፋት ከተረጂው እጅ እየወጣ እንደሆነ ስለደረሱበት ነው። ለወራት ቆሞ ነበር። በዚያ ሁሉ ወር የተጎዳው ስርቆቱን የፈጸመው ሰው ሳይሆን ወረፋ የቆመው ነው። ከዚያም በላይ፣ ሀብታሞቹ «እርዳታ» ብለው ከሚመዘግቡት ውስጥ እዚያው አገራቸው የሚቀር አለ። ብሪታንያ በ2022 ከእርዳታ በጀቷ ከሩብ በላይ ያወጣችው በገዛ ምድሯ ስደተኞችን ለማኖር ነው። ሆቴል ተከፍሎበታል። ይህ ቢቀነስ ለእኔ ወንድሞች ምን ይጎድልባቸዋል?

ያደግሁት የእርዳታ ስንዴ በሚከፋፈልበት ወረዳ ነው። ስንዴው በመጣ ሰሞን አባቴ ማሽላውን ይዞ ገበያ ወጥቶ ይዞት ይመለስ ነበር። የሚገዛው የለም። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፤ ገንዘቡ ለጦርም ባይሆን፣ እኛን ለምጽዋት ማስለመዱ ድህነትን መዋጋት ይባላል?

---

ነርሷ፦

ወንድሜ፣ ስለ አባትህ ማሽላ የተናገርከው ልቤን ነክቶታል። አልከራከርህም። እኔ የምናገረው ግን ስለ ስንዴ አይደለም።

የምሠራው በገጠር ከተማ ጤና ጣቢያ፣ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ሕክምና በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ነባር ሠራተኞች የሚነግሩን አለ፤ ያኔ የነርስ ሥራ ማስታመም ብቻ ነበር ይላሉ። አብዛኛው ገንዘብ የመጣው ፔፕፋር ከሚባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ነው። ጆርጅ ቡሽ ይህን ፕሮግራም ለምክር ቤታቸው ያቀረቡት በጃንዋሪ 2003 ባደረጉት ንግግር ነው፤ ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ። በዚያው ንግግር ኢራቅን ለመውረር የሚያበቃቸውን ምክንያትም ዘርዝረዋል። በአንድ ምሽት፣ በአንድ አፍ። ጦርነቱ ከሁለት ወር በኋላ ተጀመረ፣ ፕሮግራሙ በግንቦት ተፈረመ። የአሜሪካ መንግሥት ፔፕፋር ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከሞት አድኗል ይላል። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ናት። ስለዚህ «ይደርሳል?» ላልከኝ፣ አዎ፣ ደርሷል፤ በየቀኑ ካርዳቸውን አወጣለሁ። ይህን መድኃኒት ገበያ አውጥቶ የሚሸጠው የለም።

ከጥር 2017 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር በመጀመሪያው ቀን የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አገደ። በመላ አገሪቱ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። በእኛ ክፍል መድኃኒቱ አልቆመም፤ መደርደሪያው ላይ አለ። የቆሙት ሰዎቹ ናቸው። መረጃ መዝጋቢው ሄደ። የእናቶች ደጋፊዋም ሄደች። እርስዋ ራስዋ ከቫይረሱ ጋር የምትኖር፣ ከቫይረሱ ነጻ የሆኑ ሁለት ልጆች የወለደች ሴት ናት፤ ቀጠሮ ያለፈባትን ሁሉ በራስዋ ስልክ እየደወለች፣ ካልተነሣ በእግርዋ እየሄደች ትመልስ ነበር። ደመወዝዋ ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም።

ከወንዝ ማዶ የምትመጣ አንዲት ወላድ አለች። ልጅዋ የስድስት ሳምንት የኤችአይቪ ምርመራው ደርሶ ነበር። አልመጣችም። ስልክ የላትም፤ የምትገናኘው ከደጋፊዋ ጋር በጎረቤት ስልክ ነበር፣ ቁጥሩ ያለውም በደጋፊዋ እጅ ነው። ይህ በየትኛው የበጀት መስመር እንደሚጻፍ አላውቅም።

---

ጥያቄ አለኝ፦

እኅቴ፣ አመሰግናለሁ። ስለ ስንዴው ያልኩትን አልለውጥም። ስለ መድኃኒቱ ግን ዝም ብዬ እሰማለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በ20 ዓመት ውስጥ የእነዚያን ሠራተኞች ደመወዝ የራሳችን መንግሥት በበጀቱ ውስጥ አስገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ይሆን ነበር?

---

ነርሷ፦

አይሆንም ነበር።

---

የታሪክ መምህር፦

ይህችን አጭር መልስ ይዤ ልቀጥል፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለንደንንና ዋሽንግተንን መውቀስ ተገቢ ነው። እኛስ?

በኤፕሪል 2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና እንደሚያውሉ ቃል ገቡ። ያን ቃል በተከታታይ የጠበቁት አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የእኛ ከእነርሱ አንዷ አይደለችም። የኛ ምክር ቤት በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ አብዛኛው የሄደው ለመከላከያ ነው። ማን ጀመረው፣ ማን ይፍረድበት የሚለውን አሁን አላነሣም፤ የማነሣው ሂሳብ ያዥ ያለችውን ነው። ተጨማሪ በጀት ለጦርነት በአንድ ስብሰባ ይጸድቃል። ለትምህርት ቤት ወንበር ተጨማሪ በጀት ተብሎ ምክር ቤት ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች በሁለት ሰው ወንበር ይቀመጣሉ፤ መሐለኛው የሚጽፈው በየተራ ነው።

ሌላ መንገድ የመረጠ አገር የለም እንዳይባል፣ ኮስታሪካ አለች። የ1948ቱ የእርስ በርስ ጦርነት እንዳበቃ ሆሴ ፊጌሬስ ዲሴምበር 1 ቀን ወደ ዋናው የጦር ሰፈር ሄደው የግንቡን ጫፍ በመዶሻ መቱት። ሠራዊት የለንም አሉ። በ1949 በሕገ መንግሥት ጸና። ያ የጦር ሰፈር ዛሬ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ገንዘቡን ወደ ትምህርትና ወደ ጤና አዞሩት፤ ዛሬ የሕዝቡ አማካይ ዕድሜ 80 ዓመት ገደማ ነው። ሀብታም አገር አይደለችም፤ ቡናና ሙዝ ስትሸጥ የኖረች አገር ናት። ቡና እኛም አለን።

---

ጡረተኛው አሥር አለቃ፦

መምህር፣ ስለ ኮስታሪካ የልጅ ልጄን አስነበብሁት፤ ያላሉትን አንድ ነገር አገኘን። በ1955 ከኒካራጓ በኩል ተወረሩ። ሠራዊት ስላልነበራቸው የአሜሪካ አገሮች ድርጅት ጣልቃ ገባ፤ አሜሪካም አራት የጦር አውሮፕላኖች እያንዳንዱን በአንድ ዶላር ሸጠችላቸው። የእነርሱን ዘበኝነት ሌላ ሰው ችሎላቸዋል ማለት ነው። ለኦጋዴን እንዲህ ያለ ጎረቤት አልነበረንም። በአንድ ዶላር አውሮፕላን የሚሸጥልን ቢኖር እኔም መዶሻ አነሣ ነበር።

ስለ ወንበሩ ግን እውነትዎን ነው። የልጅ ልጄም መሐለኛው ነው።

---

የታሪክ መምህር፦

አሥር አለቃ፣ እርማትዎን ተቀብያለሁ። ነገሩ አውሮፓም ያው ይመስለኛል፤ ሰባ ዓመት ሙሉ አሜሪካ ዘብ ቆማላቸው የጡረታና የሕክምና ሥርዓታቸውን ገነቡ። ዘበኛው ልሂድ ሲል በሄግ በኔቶ ጉባኤ ተሰብስበው በ2035 ከጠቅላላ ምርታችን 5 በመቶ ለመከላከያና ከእርሱ ጋር ለተያያዘ ወጪ እናውላለን ብለው ተስማሙ። ከራሳቸው ሕዝብ ጡረታ መቀነስ ድምፅ ያሳጣል። ከእኛ ቢቀነስ በእንግሊዝ ምርጫ የምንመርጥ የለንም። ምርጫው ቀላል የሆነላቸው ለዚህ ነው።

---

አወያይ፦

ከውይይቱ ሁለት መልእክቶች ተነሥተዋል፤ የብሔር ስድብ ነበረባቸው። ስለ ሰሜኑ ጦርነት የበጀት ጉዳይ መናገር ይቻላል፣ ሕዝብን መዝለፍ አይቻልም። እስካሁን በጨዋነት የተወያያችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ።

---

ኡፕሳላ፦

ዘግይቼ ገባሁ። ስዊድን ውስጥ የምኖር የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ። ይህች አገር ከገቢዋ 1 በመቶ ለእርዳታ ስትሰጥ የኖረች ናት፤ በ2022 የመጣው መንግሥት ያን ግብ ትቶታል። በ2024 ኔቶ ገባች። ስለዚህ ወንዝ ተሻጋሪ ለንደን ላይ ያየውን እኛም እዚህ እያየን ነው።

ነገር ግን ከእናንተ ጋር የማልስማማበት አንድ ነጥብ አለ። ጦር ሲበዛ እርዳታ የግድ ያንሳል የሚል ሕግ የለም። ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ፈንጣጣ ነው።

ፈንጣጣን ከዓለም እናጥፋ የሚለውን ሐሳብ በ1958 ለዓለም ጤና ጉባኤ ያቀረቡት የሶቪየት ኅብረት ምክትል የጤና ሚኒስትር ቪክቶር ዥዳኖቭ ናቸው። ጉባኤው የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። የሶቪየቷ ሳተላይት ስፑትኒክ ወደ ሰማይ ከተላከች ዓመት አልሞላም፤ ሁለቱ ኃያላን አቶሚክ ቦምብ እየቆጠሩ ነበር። የተጠናከረው ዘመቻ በ1967 ሲጀመር የመሩት አሜሪካዊው ዶናልድ ሄንደርሰን ነበሩ፤ ሶቪየት ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን መጠን በላይ ክትባት በነጻ ሰጠች። እርስ በርሳቸው ሚሳይል የደገኑ ሁለት መንግሥታት በአንድ የክትባት ሣጥን ላይ ተስማሙ።

ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ዘመቻው በ1971 ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከላይ አውራ ጎዳና የሌለው ደጋ፣ ከታች ጸሐይ የሚያነድደው ቆላ። ክትባት ሰጪዎቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ይሄዱ ነበር። ጫፉ ለሁለት በተሰነጠቀ መርፌ ክንዳቸውን የተወጉ፣ ጠባሳው እስካሁን ያለባቸው ብዙዎቻችሁ ትኖራላችሁ፤ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። በአገራችን የመጨረሻዋ ታማሚ በኦገስት 1976 በባሌ፣ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ልጅ ናት። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው በኦክቶበር 1977 ሶማሊያ፣ መርካ ላይ ተገኘ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ አሥር አለቃ፣ ያ ወር እርስዎ ጅጅጋ ወድቃ ከሶማሊያ ጦር ጋር የሚዋጉበት ወር ነው። ፈንጣጣ በእኛ ምድር የሞተው ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው፤ በሶማሊያ ምድር ግን ሁለቱ አገሮች እየተገዳደሉ ሳለ ሞተ።

ዘመቻው በሙሉ፣ ከ1967 እስከ መጨረሻው፣ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። ዛሬ አንድ የኤፍ 35 የጦር አውሮፕላን ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል።

---

ሂሳብ ያዥ (ቨርጂኒያ)፦

ኡፕሳላ፣ በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። ነገር ግን ሙያዬ አላስቀመጠኝም፤ የዚያን ዘመን ዶላር ከዛሬው ጋር እንዲሁ አናወዳድር። በዛሬ ዋጋ ቢሰላ ዘመቻው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። ይህም ሆኖ ዛሬ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ ዲስትሮየር መርከብ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣበታል። ስለዚህ ነጥብህ አልፈረሰም፤ በትክክለኛው ቁጥር ይቁም ብዬ ነው።

---

ኡፕሳላ፦

ልክ ነሽ፤ እንዲህ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

---

ጥያቄ አለኝ፦

የፈንጣጣው ታሪክ ሐሳቤን ትንሽ አነቃንቆታል። ልዩነቱ ይታየኛል፤ ፈንጣጣ መጨረሻ ነበረው። መርፌ፣ ሰው፣ መንደር፣ ከዚያ አለቀ። ስንዴው ግን በየዓመቱ ይመጣል፣ መጨረሻ የለውም። ገንዘቡን የሚሰጡት መንግሥታት «መቼ ያልቃል?» የሚለውን ቢጠይቁ አልቃወምም። የምቃወመው ለጦርነቱም ያንኑ ጥያቄ ሳይጠይቁ መቅረታቸውን ነው። አፍጋኒስታን 20 ዓመት ፈጅቶ ታሊባን ተመልሶ ካቡል ገባ። ለእርዳታ ቢሆን «ውጤት አላመጣም» ተብሎ በሁለተኛው ዓመት ይዘጋ ነበር።

---

ወንዝ ተሻጋሪ (ለንደን)፦

ይህን ያህል ሰው ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ሁሉንም አንብቤአለሁ፤ የአሥር አለቃን ሁለት ጊዜ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጦርነቱና ረሀቡ ሁለት መዝገብ እንዳልሆኑ ያየሁት በኦገስት 2022 ነው። የጥቁር ባሕር ወደቦች በጦርነቱ ተዘግተው ቆይተው፣ በተባበሩት መንግሥታትና በቱርክ አደራዳሪነት ሲከፈቱ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የመጀመሪያዋ የእህል መርከብ ብሬቭ ኮማንደር 23,000 ቶን ስንዴ ጭና ከዩክሬን ተነሣች። መድረሻዋ ጅቡቲ፣ ስንዴው ለኢትዮጵያ። ስምምነቱ ግን ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በጁላይ 2023 ሩሲያ ወጣች። ስለዚህ ዩክሬንን መከላከል ለእኛም ዳቦ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው እውነት አለው። ይህን ሰው የምለው፣ «እንግዲያው የዳቦውን ገንዘብ ለምን ወሰድክ?» ብቻ ነው። ከሀብታሙ ግብር ጨምሩ፣ ወይም እንደ ጀርመን ተበደሩ። ከ0.5 ላይ 0.2 መቁረጥ ከሁሉ ቀላሉ ስለሆነ ተመረጠ እንጂ ሌላ መንገድ ጠፍቶ አይደለም።

ለምንኖርበት አካባቢ የፓርላማ ተመራጭ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። መልስ መጣ። የመንግሥት በጀት ሲፈቅድ ወደ 0.7 እንመለሳለን ይላል። ሲፈቅድ የሚለው ቃል ሥር አስምሬ፣ ለመከላከያው ሲሆን ማን ፈቀደ ብዬ እንደገና ጽፌአለሁ። በሴራሊዮናዊው ባልደረባዬ ፊርማም ጭምር። ከሾፌሮቹ ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ፈርመዋል።

---

ጡረተኛው አሥር አለቃ፦

ነርሷ ልጄ፣ ያቺ ከወንዝ ማዶ ያለችው ወላድ ምን ሆነች? ሌሊቱን ሳስባት አደርሁ። ጡረታዬ ትንሽ ናት፤ ለስልክ ካርድ ግን ትሆናለች። እንዴት እንደምልክልሽ ንገሪኝ።

---

ነርሷ፦

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱን አይላኩ፤ ጸሎትዎ ይበቃኛል።

መልስ የዘገየሁት ቅዳሜን ስጠብቅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ከወንዝ ማዶ ያሉት ሁሉ ይወጣሉ። ከሥራ የተቀነሰችው የእናቶች ደጋፊ ያለ ደመወዝ አብራኝ ወጣች፣ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ነበረች። ሦስታችን ከበርበሬ ተራ እስከ እንጨት ተራ ሄድን። አገኘናት። ከሸክላ ሻጮቹ ጋር ተቀምጣ ልጁን ታጠባለች። አልተቆጣናትም። «የምትደውልልኝ ጠፋች፤ ክፍሉ ተዘግቷል ብለውኝ ነበር» አለች።

ከገበያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ይዘናት መጣን። መድኃኒቷን ወሰደች። ከልጁ ተረከዝ ደም ወስደን በወረቀቱ ላይ አድርቀን፣ ሰኞ ከሚሄደው ፖስታ ጋር ወደ ላቦራቶሪ ልከናል። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።